ጀፎረና መስቀል፦ የበዓል ሕዝብና የጎረቤት ሰላም በጉራጌ ምድር

በዓል የሰው ልጅ ከኑሮው ድካም አርፎ ከወገኑ ጋር የሚገናኝበት ቀን ነው። ይሁን እንጂ ሰው በአንድ ቀንና በአንድ ስፍራ በብዛት ሲሰበሰብ ደስታው ብቻውን አይመጣም፤ ሸክምም ይከተለዋል። ደመራ ከሚነድበት አጠገብ ቤት አለ፤ ፈረስ ከሚጋልብበት አጠገብ ሕፃን ይሮጣል፤ ጭፈራ ከሚደምቅበት አጠገብ የታመመ ሰው ተኝቷል። ስለሆነም በዓል የሚያከብር ማኅበረሰብ ሁሉ ሁለት ጥያቄዎችን መመለስ ግድ ይሆንበታል። ይህ ሁሉ ሕዝብ የት ይቆማል? መምጣቱ የሚያስከትለውን ሸክምስ ማን ይሸከመዋል?

የጉራጌ ሕዝብ ለሁለቱም ጥያቄዎች ከጥንት ጀምሮ የሰጠው መልስ አለው። መልሱ በብራና ላይ የተጻፈ ሳይሆን በመሬት ላይ የተዘረጋ ነው፤ ስሙም ጀፎረ ይባላል። ጀፎረ በሁለት የቤት ረድፎች መካከል የሚያልፍ፣ በሣር የተሸፈነ፣ ሰፊና ረጅም መንገድ ነው። መንገድ ይባል እንጂ የመንደሩ አደባባይ፣ የግጦሽ ሜዳ፣ የሽማግሌዎች ችሎት፣ የለቅሶና የሠርግ ስፍራም እርሱ ነው። በመስከረም ወር ከአዲስ አበባና ከሌሎች ከተሞች የሚመለሰው ሕዝብ መንደሩን ሲሞላው፣ ያን ሁሉ ሰው ተቀብሎ የሚያስተናግደው ይኸው ስፍራ ነው። ጀፎረ ይህን የሚያደርገው በምን ዘዴ እንደሆነ፣ ወልቂጤና ቡታጅራን የመሳሰሉት ከተሞችም ያለ ጀፎረ ሲያድጉ ምን እንደጎደላቸው መመርመር ለዛሬው ዘመን የሚበጅ ትምህርት ይሰጣል።

የመመለስ በዓል

መስቀል በኢትዮጵያ በብዙ ስፍራ ይከበራል። የተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፣ የሳይንስና የባህል ድርጅትም (ዩኔስኮ) በዓሉን እ.ኤ.አ. በ2013 በዓለም የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ አስፍሮታል። በጉራጌ ዘንድ ግን መስቀል ከሁሉ በፊት የመመለስ በዓል ነው። ይህ የሆነበት ምክንያት በሕዝቡ ታሪክ ውስጥ ይገኛል።

የጉራጌ ምድር በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ገደማ በዳግማዊ ምኒልክ ግዛት ሥር ከተጠቃለለ በኋላ በገበሬው ላይ የግብሩ ጫና በረታ። መሬቱ ደጋማና ሕዝብ የበዛበት በመሆኑ ለወጣቱ ሁሉ የሚበቃ አልነበረም። በዚያው ዘመን የተቆረቆረችው አዲስ አበባ ደግሞ ጉልበት የሚያፈስላትንና ንግድ የሚያንቀሳቅስላትን ሰው ትሻ ነበር። ጉራጌው በእግሩ እየተጓዘ ወደ ዋናው ከተማ ወጣ፤ ጉድጓድ ቆፈረ፣ ዕቃ ተሸከመ፣ ጫማ ጠረገ፣ ከዚያም ከጉልት ወደ ሱቅ ተሸጋገረ። በጣሊያን ወረራ ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባሉት ዓመታት፣ መርካቶ አዲሱ የከተማው ገበያ ሆኖ ሲደራጅ፣ ከነፃነት በኋላ የዚያ ገበያ የጀርባ አጥንት ከሆኑት መካከል ጉራጌው አንዱ ነበር።

ሆኖም ከአገሩ ወጣ እንጂ ከአገሩ አልተቆረጠም። ለዚህም እንሰት ትልቅ ድርሻ አለው። እንሰት ተተክሎ ለምግብ እስኪደርስ ዓመታትን የሚፈጅ፣ ከደረሰም በኋላ እንደ ጓዳ ክምችት ከጓሮ ቆሞ የሚጠብቅ ተክል ነው። ባል ከተማ ሲወርድ ሚስት ወይም ዘመድ እንሰቱን እየተንከባከበ ቤቱን ያቆየዋል፤ ሰውየው ቢርቅም እሳቱ አይጠፋም፤ ደጃፉም አይዘጋም። ስለዚህ ከተሜው ጉራጌ ሁለት ቤት ያለው ሰው ነበር፤ አንደኛው የሚሠራበት፣ ሁለተኛው የሚመለስበት።

የሚመለስበት ቀን መስቀል ነው። ዓመቱን ሙሉ የተለያየው ቤተሰብ በዚያ ሳምንት ይሰበሰባል። ወንዶች ለሰንጋው መግዣ በዕቁብ ገንዘብ ያጠራቅማሉ፤ ሴቶች ዊጆ በሚባለው የቅቤ ማኅበራቸው ለክትፎው የሚሆነውን ቅቤ ወራት አስቀድመው ያሰናዳሉ፤ እንጨቱ ተፈልጦ ይደርቃል፤ ቤቱ ይታደሳል። መስቀል ሲቃረብ የመርካቶ ሱቆች ብዙዎቹ ይዘጋሉ፤ ወደ ጉራጌ የሚወስዱት መንገዶችም በተሽከርካሪ ይጣበባሉ። በዚያው ምድር የሚኖረው ሙስሊም ጉራጌም ለዐረፋ በዓል እንዲሁ ወደ ቀዬው ይመለሳል። በቸሃ ምድር በሚገኘው በአብሬት የሚከበረው መውሊድም ከሩቅና ከቅርብ ምእመናንን ይስባል። እንግዲህ የሕዝብ ብዛትን የማስተናገድ ጥበብ በጉራጌ ምድር የአንድ ሃይማኖት ጉዳይ ብቻ ሆኖ አያውቅም።

የመንደሩ አደባባይ

አሜሪካዊው የሥነ ሰብእ ተመራማሪ ዊሊያም ሻክ ስለ ጉራጌ የእንሰት ባህል ባሳተመው የ1966 (እ.ኤ.አ.) መጽሐፉ የጉራጌን መንደር አሠራር ገልጾታል። ከእርሱ ጥቂት ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በ1964፣ የጉራጌው ተወላጅ ደራሲ ሣህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም በቸሃ ቋንቋ የጻፈው «የሽነጋ መንደር» በእንግሊዝኛ ተተርጉሞ ታትሞ፣ የዚያን ምድር የመንደር ሕይወት ለዓለም አንባቢ አድርሶ ነበር። ከዚያ ወዲህም የሥነ ሕንፃና የከተማ ፕላን ባለሙያዎች የጉራጌን መንደር አሰፋፈር በአድናቆት ሲያጠኑ ኖረዋል።

የመንደሩ ቅርጽ እንዲህ ነው። ክብ የሣር ክዳን ቤቶች በሁለት ረድፍ ፊት ለፊት ተያይተው ይሠራሉ። ከእያንዳንዱ ቤት ፊት ንጹሕ ደጃፍ አለ፤ ከጀርባው የጓሮ አትክልቱ፣ ቀጥሎም የእንሰቱ ማሳ፣ ከዚያ ወዲያ ባሕር ዛፉና የእርሻው መሬት ይከተላል። በሁለቱ ረድፎች መካከል ያለው ሜዳ ጀፎረ ነው። ሰውና ከብት ለማሳለፍ ጥቂት እርምጃ ስፋት ይበቃ ነበር፤ ጀፎረ ግን ከዚያ በብዙ እጥፍ ይሰፋል፤ ርዝመቱም መንደርን ከመንደር እያገናኘ ይቀጥላል። ይህን ያህል መሬት ሳይታረስ የተተወው መሬት ተርፎ አልነበረም። መሬት ጠቦት ልጆቹን ወደ ከተማ የሚልክ ሕዝብ ከቤቱ ፊት ያለውን ለም መሬት ሳያርስ ማቆየቱ፣ ለጋራ ስፍራ የሰጠው ዋጋ ምን ያህል እንደነበር ያስረዳል።

የጀፎረ ሕግ ጥብቅ ነው። ማንም አጥሩን ወደ ጀፎረ አይገፋም፤ ማንም በጀፎረ ላይ አያርስም፣ አይተክልም። ሁሉም በየደጃፉ ፊት ያለውን የሣር ክፍል ይጠብቃል፤ ያጸዳል። ሜዳው የሁሉም ነው፤ ኃላፊነቱ ግን በየቤቱ ተሸንሽኖ የተሰጠ ነው። ድንበር ያለፈ ሰው በሽማግሌ ይመከራል፤ ባይሰማ ይቀጣል። ይህን ሥርዓት የሚያጸኑት የጉራጌ ባህላዊ ሸንጎዎች ናቸው፦ በሰባት ቤት ጉራጌ የየጆካ ቅጫ፣ በክስታኔ የጎርደና ሴራ፣ በቡታጅራ ዙሪያ በሚኖሩት መስቃኖች ዘንድ ደግሞ የፈረዝአገኘ ሴራ። ቅጫም ሴራም የሚባለው ሽማግሌዎች በዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠው የሚፈርዱበት፣ ከአባት ወደ ልጅ የሚተላለፍ ሕግ ነው።

ሥርዓቱ ከእንከን የጸዳ ነበር ማለት አይደለም። በሸንጎው የሚቀመጡት ወንዶች ነበሩ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የኖረችው የቃቄ ውርድወት የሴቶችን የጋብቻ መብት ይዛ በየጆካ ሽማግሌዎች ፊት መሟገቷ በሕዝቡ ዘንድ እስከ ዛሬ ይነገራል፤ ታሪኳም በዘመናችን በቴአትር መድረክ ቀርቧል። ይህ ታሪክ የሚያሳየው፣ የጋራ ስፍራ ማለት በዓል የሚከበርበት ብቻ ሳይሆን የተበደለ ሰው ድምፁን የሚያሰማበትም መሆኑን ነው።

የእሳቱ ስፍራና የእንግዳው ባለቤት

አሁን ወደ መስቀሉ ቀን እንመለስ። የደመራው ስፍራ ጀፎረ ነው። የመንደሩ ቤቶች የሣር ክዳን፣ አጥሮቹም እንጨት መሆናቸውን ያስተዋለ ሰው የዚህን ምርጫ ብልሃት ወዲያው ይረዳዋል። ሰፊው ሜዳ የእሳቱን ብልጭታ ከክዳኑ ያርቀዋል፤ እርጥቡ የመስከረም ሣርም ፍሙ እንዳይዛመት ያግዘዋል። በአንድ ጠባብ ግቢ ቢለኮስ መንደርን ሊያጠፋ የሚችል እሳት፣ በጀፎረ መካከል ሲነድ የመንደር ማዕከል ይሆናል።

ስፋቱ ሌላም ጥቅም አለው። ሽማግሌዎች ከሚመርቁበት እስከ ልጆች የሚሯሯጡበት፣ ከጭፈራው እስከ ፈረሰኛው ድረስ እያንዳንዱ የየራሱ ቦታ ያገኛል። ጀፎረ መግቢያውም መውጫውም አንድ አይደለም። በሁለቱም ጫፍ ክፍት ነው፤ በግራና በቀኝም እያንዳንዱ ደጃፍ መውጫ በር ነው። ድንጉጥ ፈረስ ቢፈረጥጥ፣ ጠብ ቢነሣ፣ ዝናብ ድንገት ቢወርድ፣ ሕዝቡ ተጋፍቶ አንድ በር ላይ አይከማችም፤ ወደየደጃፉ ይበተናል። የዛሬ ባለሙያዎች ሕዝብ ለሚበዛበት ስፍራ ከሚያዝዙት ሁሉ የመጀመሪያው የመውጫ ብዛት ነው። የጉራጌ አባቶች ይህን በመንደራቸው ቅርጽ አስቀድመው አሟልተውታል።

ነገር ግን የጀፎረ ምሥጢር በስፋቱ ብቻ አያልቅም። ከስፋቱ የሚበልጠው ባለቤት የሌለው እንግዳ በሥርዓቱ ውስጥ አለመኖሩ ነው። ከከተማ የሚመጣው ሰው ሁሉ የሚገባበት ደጃፍ የታወቀ ነው። በየቤቱ የሚያድረው፣ የሚበላውና የሚጠጣው በዚያ ቤት ኃላፊነት ነው፤ ሰክሮ ቢያጠፋ የሚጠየቀው ያስተናገደው ቤት ነው፤ ጎረቤት ቢያዝን የሚክሰው ያው ቤት ነው። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው» እንዲሉ፣ መንደሩን እጥፍ የሚያደርገው ሕዝብ በየቤቱ ሲከፋፈል ለማንም ከአቅም በላይ አይሆንም። ጀፎረ ላይ አንድ ላይ የሚታየው ብዙ ሕዝብ፣ ሲመሽ ወደየምድጃው የሚመለስ የብዙ ቤቶች ድምር ነው።

የቀኖቹ ሥርዓት

ስፍራው ብቻ ሳይሆን ጊዜውም ተከፋፍሏል። የጉራጌ መስቀል የአንድ ቀን በዓል አይደለም። ከዋናው ቀን በፊት ቤትና ዕቃ የሚጸዳበት፣ ጀፎረና መንገድ በወጣቶች የሚጠረግበት ጊዜ አለ። ቀጥሎ ዴንጌሳት ይመጣል፤ ልጆች የራሳቸውን እሳት የሚያነዱበት፣ በጎመንና በአይብ የተሰናዳው ምግብ የሚቀርብበት ነው። ከዚያ የእርዱ ቀን፣ ከዚያም የትልቁ ደመራ ቀን ይከተላል። ከመስቀል በኋላ ባሉት ቀናት ዘመድ ዘመዱን ይጠይቃል፤ አማች ለአማቹ እጅ መንሻ ይወስዳል፤ ሽማግሌዎች ነገር ይሰማሉ፤ ጋብቻም ይታጫል። በክስታኔ ዘንድ አዳብና የሚባለው የወጣቶች ጭፈራ ደግሞ እስከ ጥቅምት መጀመሪያ ይዘልቃል።

ይህ አከፋፈል ሲታይ እያንዳንዱ የኅብረተሰብ ክፍል የየራሱ ቀን እንዳለው ይስተዋላል። ልጆቹ በእሳታቸው ቀን በታላላቆቻቸው ጉልበት አይረገጡም። የወጣቶቹ ጭፈራ ከሽማግሌዎቹ ምርቃት ጋር አይጋጭም። የጉብኝቱ ጊዜ ከደመራው በኋላ መሆኑም ሰው ሁሉ በአንድ ቀን በመንገድ ላይ እንዳይተራመስ ያደርጋል። ቀኖቹ ተደራርበው ቢሆን ኖሮ ሰፊው ጀፎረም ባልበቃ ነበር።

ከሁሉም የሚልቀው እርቁ ነው። የተጣላ ሰው ቂሙን ይዞ ወደ መስቀል እሳት መቅረብ ነውር ነው። ስለዚህ የድንበር ክርክርና የከብት ጥፋት፣ የባልና ሚስት ቅያሜም ሳይቀር ከበዓሉ በፊት ወደ ሽማግሌ ይቀርባል። ከመንፈሳዊ ትርጉሙ ሌላ ይህ ልማድ ለሕዝብ ደኅንነት ያለው ጥቅም ግልጽ ነው። ሥጋና ጠላ በበዛበት፣ ብዙ ሰው በተሰበሰበበት ቀን ሊፈነዳ የሚችለው ጠብ አስቀድሞ ተነቅሏልና።

መንገድና ከተማ

በ1950ዎቹ ዓ.ም. የመመለሱ ታሪክ መልኩን ለወጠ። በአዲስ አበባ የሚኖሩ የጉራጌ ተወላጆች ለየአካባቢያቸው መንገድ ለመሥራት ማኅበር አቋቋሙ። የሰባት ቤት ተወላጆች ከወልቂጤ ተነሥቶ ወደ እምድብርና ወደ ውስጠኛው ጉራጌ የሚዘልቀውን መንገድ ለማሠራት ገንዘብ አዋጡ። በጄኔራል ወልደ ሥላሴ በረካ መሪነት የታወቀው የዓለም ገና ወላይታ ሶዶ የመንገድ ሥራ ድርጅት ደግሞ በቡታጅራና በሆሳዕና በኩል ወደ ሶዶ የሚወርደውን መንገድ ዓላማው አድርጎ ተነሣ። ነጋዴውም፣ ሊስትሮውም፣ የመንግሥት ሠራተኛውም የየአቅሙን ከፈለ። ሕዝብ በገዛ መዋጮው መንገድ የሠራበት ይህ ታሪክ በኢትዮጵያ የልማት ታሪክ ውስጥ በክብር የሚጠቀስ ነው።

መንገዱ በተሠራ ጊዜ ቀድሞ የቀናት የእግር ጉዞ የነበረው በሰዓታት የሚለካ ሆነ። በአንድ መስቀል የሚመለሰው ሰው ቁጥር ጨመረ፤ በመንገዶቹ መጋጠሚያም ከተሞች አበቡ። ወልቂጤ በአዲስ አበባ ጅማ መንገድ ላይ፣ ቡታጅራ በሶዶው መንገድ ላይ ገበያና መናኸሪያ ሆነው አደጉ። በ1999 ዓ.ም. በተካሄደው የሕዝብ ቆጠራ ወልቂጤ 28,866፣ ቡታጅራ 33,406 ነዋሪዎች ነበሯቸው፤ ከዚያ ወዲህም ሁለቱም ያለማቋረጥ ሰፍተዋል። ወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ የተከፈተባት የጉራጌ ዞን መዲና ናት፤ ቡታጅራም የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል በ2015 ዓ.ም. ከተቋቋመ ወዲህ የምሥራቅ ጉራጌ ዞን መቀመጫ ሆናለች።

እነዚህ ከተሞች የመንገድ ልጆች ናቸው እንጂ የጀፎረ ልጆች አይደሉም። በአስፋልቱ ግራና ቀኝ ሱቅ ከሱቅ ተጋጥሞ ተሠራባቸው፤ ከኋላ ያለው ሰፈር በየጊዜው እየተሸነሸነ ተሞላ። መንገዱ ለመኪና የታሰበ እንጂ ሕዝብ እንዲቆምበት የታሰበ አልነበረም። ስለዚህ በመስቀል ሳምንት ሁሉም ነገር በአንድ መስመር ላይ ይገናኛል። ከአዲስ አበባ የመጣው አውቶቡስ፣ ወደ ገጠር የሚሳፈረው ቤተሰብ፣ ወደ ከብት ገበያ የሚነዳው ሰንጋ፣ ቅቤና ቆጮ የተሸከመችው ሴት፣ ባጃጁም፣ በመንገድ ዳር ዕቃ የዘረጋው ነጋዴም ያንኑ አስፋልት ይሻማሉ። የመናኸሪያው ጎረቤት ሌሊቱን በጥሩንባ ድምፅ ሲባንን ያድራል። የእርዱ ፍርስና ቆሻሻ በቦይ ይከማቻል። ደመራ በሚደመርበት ሜዳ ዙሪያ ያለው ነዋሪ መግቢያ መውጫው ይዘጋበታል።

እነዚህ ችግሮች የከተማው ሕዝብ ከገጠሩ ስለሚከፋ የመጡ አይደሉም። በከተማው ያለው እንግዳ ብዙውን ጊዜ አላፊ ነው፤ ደጃፍ የለውም፤ ስለ እርሱም የሚጠየቅ ቤት የለም። በመንደር እንግዳውን የሚሸከመው ያስተናገደው ቤት ሲሆን፣ በከተማ ግን ሸክሙ የሚወድቀው በመንገድ ዳር በሚኖር፣ ከበዓሉም ከገበያውም ምንም ያላተረፈ ጎረቤት ላይ ነው። ሁለት ሃይማኖቶች ጎን ለጎን በሚኖሩባት ቡታጅራ ነገሩ የበለጠ ጥንቃቄ ይሻል። የመስቀሉ እንግዳ በሙስሊሙ ጎረቤት ደጃፍ፣ የዐረፋው እንግዳም በክርስቲያኑ ደጃፍ ያልፋል። እስከ ዛሬ ይህን ያቀለለው የጎረቤት መከባበር ነው፤ መከባበርን ግን ያለ ስፍራና ያለ ደንብ ለዘላለም መሸከም ከባድ ነው።

ከሌላ ስፍራ የሚገኝ ትምህርት

የጋራ ስፍራ ጉዳይ የሕይወትና የሞት ጉዳይ የሚሆንበት ጊዜ አለ። መስከረም 22 ቀን 2009 ዓ.ም. በቢሾፍቱ፣ በሆራ አርሰዲ ሐይቅ ዳርቻ የኢሬቻ በዓል ለማክበር የተሰበሰበው እጅግ ብዙ ሕዝብ የተቃውሞ ድምፅ ባሰማ ጊዜ፣ የጸጥታ ኃይሎች አስለቃሽ ጭስ ተኮሱ። ሕዝቡ ሲሸሽ በተፈጠረው ግፊያ ብዙዎች ገደል ገብተው ተረጋግጠው ሞቱ። መንግሥት ያመነው የሟች ቁጥር ከ50 በላይ ነበር፤ ሌሎች ወገኖች ከዚያ እጅግ የሚበልጥ ቁጥር ገልጸዋል። የዚያ ዕለት ኀዘን ሁለት ነገር ያስተምራል፦ በደነገጠ ሕዝብ ዙሪያ ገደልና ጠባብ መውጫ መኖር የለበትም፤ በበዓል ሕዝብ መካከልም ኃይልና ጭስ መግባት የለበትም።

ከሩቅ አገር ደግሞ የተቃና ምሳሌ ይገኛል። በጀርመን አገር በሙኒክ ከተማ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1810 የባቫሪያው አልጋ ወራሽ ሉድቪግ ልዕልት ቴሬዛን ሲያገባ፣ ከከተማው ቅጥር ውጪ ባለ ሜዳ የፈረስ ግልቢያ ተደረገ። ያ ሜዳ በሙሽራዋ ስም ተጠራ፤ ግልቢያውም በየዓመቱ የሚከበር ታላቅ የሕዝብ በዓል ሆነ። ሁለት መቶ ዓመት አልፎ፣ ከተማው ሜዳውን ከቦ ሚሊዮን ነዋሪ ያለው ሆኖ ሳለ፣ ያ 42 ሄክታር የሚያህል መሬት ዛሬም ሕንፃ ሳይሠራበት ለበዓሉ ተጠብቋል። በዋጋው ውድነት ብዛት ሊሸጥ ይችል ነበር፤ ከተማው ግን ሜዳውን ቢያጣ በዓሉን እንደሚያጣ ዐወቀ። ፈረስ የሚጋለብበት ሣር ሜዳ፣ ማንም የማይገፋው ድንበር፣ በሕግ የተጠበቀ የጋራ ስፍራ፤ ይህ ሐሳብ ለጉራጌ ሽማግሌ ባዕድ አይደለም። ሙኒክ በደንብ ያጸናችውን እርሱ በቅጫ አጽንቶት ኖሯል።

የነገው ጀፎረ

አሳሳቢው ነገር ጀፎረ በገዛ አገሩ እየጠበበ መሄዱ ነው። የሕዝቡ ቁጥር ሲጨምር፣ መሬት በገንዘብ ሲተመን፣ የሽማግሌው ቃል ሲላላ፣ አጥሩ በየዓመቱ አንድ ክንድ ወደ ሜዳው ይገፋል። አንዳንዱ ባሕር ዛፍ ይተክልበታል፤ ሌላው በከተማ ባገኘው ገንዘብ የቆርቆሮ ቤቱን ወደፊት አስጠግቶ ይሠራል። አንድ ክንድ ለአንድ ሰው ጥቂት ነው፤ በሁለቱም ረድፍ ያለው ሁሉ አንድ አንድ ክንድ ቢወስድ ግን ጀፎረ መተላለፊያ ብቻ ይሆናል። የዚያን ጊዜ ደመራው ወደ ክዳኑ ይጠጋል፤ ፈረሱ ከሕፃኑ ጋር ይጋፋል፤ የተመለሰውም ልጅ የሚቆምበት ያጣል።

ድርጊቱ የሚያስገርም ተቃርኖ አለበት። ጀፎረን ከሚገፉት መካከል ዓመቱን ሙሉ መስቀልን ሲናፍቁ የሚኖሩ ከተሜ ልጆቹ ይገኛሉ። የሚናፍቁት ክትፎውን፣ ጭፈራውንና ምርቃቱን ነው፤ እነዚህን ሁሉ የሚያኖረው ግን ባዶ የሚመስለው ሜዳ ነው። አባቶቻቸው በ1950ዎቹ ከድካማቸው ቆጥበው ወደ መንደር የሚያደርስ መንገድ ሠሩ። የዛሬዎቹ ዕዳ መንገዱ የሚያደርስበትን ስፍራ መጠበቅ ነው።

ለከተሞቹም ቢሆን መንገዱ አልተዘጋም። ወልቂጤና ቡታጅራ ገና በመስፋፋት ላይ ያሉ ከተሞች ናቸው። አዲስ ሰፈር ሲሸነሸን አስቀድሞ ጀፎረውን መተው፣ ከዚያ ቤቶቹን በግራና በቀኝ ማሰለፍ የሚቻል ነገር ነው፤ የአገሩ ሕዝብ ሲያደርገው የኖረ ስለሆነም ከውጭ ባለሙያ መማር አያሻም። ማዘጋጃ ቤቱ መሬቱን በደንብ ቢያጸና፣ የየሰፈሩ ዕድርና ሽማግሌዎችም በየደጃፉ ያለውን ክፍል ለየቤቱ በኃላፊነት ቢሰጡ፣ የመንግሥት ሕግና የአባቶች ሴራ በአንድ ሜዳ ላይ ይገናኛሉ። የከብት ገበያው፣ የመሳፈሪያው ስፍራና የደመራው ሜዳ ተለያይተው ቢመደቡ፣ የበዓሉ ሳምንት ቀኖችም እንደ ጥንቱ ለየሥራው ቢከፋፈሉ፣ ግርግሩ ይቀንሳል። ገበያው ያተረፈለት ነጋዴና ያጓጓዘው ባለ መኪና ለሰፈሩ ጽዳትና ጥበቃ ድርሻቸውን ቢያዋጡ ደግሞ «ባለቤት የሌለው እንግዳ የለም» የሚለው ጥንታዊ ሥርዓት በከተማ መልኩ ይመለሳል።

ሕዝብን በበዓሉ ቀን መቁጠርና በገመድ ማገድ የመጨረሻው ዘዴ ነው፤ የሚያስፈልገውም አስቀድሞ ስፍራውን ላላሰበ ነው። የጉራጌ አባቶች ሕዝቡ ከመምጣቱ በፊት ስፍራውን አሰቡ፤ ከስፍራው ጋር ሕጉን፣ ከሕጉም ጋር አስተናጋጁን አሰናዱ። ከዚያ በኋላ የመጣው ሰው ቢበዛ ምርቃት እንጂ ሥጋት አልሆነባቸውም። በመስከረም ከሩቅ የሚመለሰው ልጅ የጠዋት ጤዛ ባረፈበት ሣር ላይ ቆሞ ደመራውን ዞሮ ሲያይ፣ ያ ሣር ሳይታረስ የቆየው እርሱ ገና ሳይወለድ እንደሚመጣ ታውቆለት ነው። ከእርሱ ኋላ ለሚመጡትም ሣሩ እንዳለ መቆየት ይገባዋል።